ልጅ ራሱን መግዛት የሚማረው ከአባቱ ዱላ ሳይሆን ከአባቱ ቃል ነው

ዛሬ ስለ አባቶች ልጽፍ ነው።

መካ የሠራሁበት ቤት ባባ በረመዳን ቤተሰቡን ሐረም ወስዶ ያስፈጥር ነበር፣ እኔንም ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። የ7 ዓመቱ ልጅ ተምሩን በእጁ ይዞ የመግሪብ አዛን እስኪል ቁጭ ይላል። ማንም አይቆጣውም። አባቱም አጠገቡ ተምር ይዞ እየጠበቀ ነዋ! አሁን ጅዳ ያለሁበት ቤት ደግሞ ባባ ብዙም አይገኝም፣ ሲመጣ ዕቃ ይዞ ነው። ልጁ ከጮኸ ታብሌት ይሰጠዋል። ልጁ መጮህን እንጂ መጠበቅን አልተማረም።

ሁለቱም ሳዑዲ ናቸው። ስለዚህ "ዐረብ ልጅ ያሞላቅቃል፣ የሐበሻ ልጅ ጨዋ ነው" የምንለው ነገር አያስኬድም። እኛስ ቤት? "ቆይ አባትሽ ይምጣ!" ሲባል ጸጥ እንላለን፣ አባት ሲወጣ ቤቱ ይገለባበጣል። ይሄ ፍርሃት ነው፣ ራስን መግዛት አይደለም።

ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። ዋልተር ሚሼል የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1958 ባወጣው ጥናት የትሪኒዳድን ልጆች "ትንሿን ከረሜላ አሁን፣ ወይስ ቆይታችሁ ትልቋን?" ብሎ ጠየቃቸው። አባት ቤት የሌላቸው ልጆች የአሁኗን መምረጥ ያበዙ ነበር። አሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በ2013 ያወጣው ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። ለልጆች ጥሩ የሥዕል ቀለም እናመጣለን ብለው ለግማሾቹ አመጡ፣ ለግማሾቹ "ይቅርታ፣ የለም" አሏቸው። ከዚያ ጣፋጭ አስቀምጠው "ካልበላችሁት ሌላ እንጨምራለን" አሉ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ታገሱ፣ የተዋሹት 3 ደቂቃ። ልጅ የሚታገሠው የሚያምነው ሰው ሲኖረው ነው ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ልጅ ለአባቱ ትተን ነው የመጣነው። ባልሽ ጋር ስትደውዪ ስለ ብሩ ብቻ አታውሩ። "እናትህ ለፋሲካ ትመጣለች" እያለ ልጁን አያታልለው። ብስኩት አመጣለሁ ካለ ያምጣ፣ ካልቻለ ቃል አይግባ። አባት የሌለውም ልጅ ቃሉን የሚጠብቅ አያት ወይም አጎት ካለው አይወድቅም።

ልጆቻችን እኛን እየጠበቁ ነው፣ ጥበቃቸው የውሸት እንዳይሆንባቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ እስቲ።