አሮጌ ታንክ ርካሽ አይደለም

ስለ አሮጌ ማሽን ለዲክሲስ ሰው ማንም አያስተምረውም። ስንዴያችንን የሚያጭደው ኮምባይነር ብዙውን ጊዜ ዕድሜ የጠገበ ነው። ከአንዱ ዕቃ ተፈትቶ ለሌላው ይገጠማል፤ መኸር መሀል ላይ ቢቆም እህል ይረግፋል። ታንክም ዕድሜው የሚረዝመው እንዲሁ እየተጠገነ ነው። ልዩነቱ፣ ታንክ ሲቆም የሚረግፈው ሰው መሆኑ ነው።

ቲ-55 የሚባለው ታንክ ሥረ መሠረቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። በ1970 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በአውሮፕላንና በመርከብ ስታጎርፍልን፣ የሶማሊያ ጦር የያዘውም የዚያችኑ አገር ታንክ ነበር። ካራማራ ላይ ድሉ የኛ ሆነ። ታንኩ ግን አላረፈም። በሰሜን ጦርነት እጅ እየቀየረ ቆይቶ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከደርግ በማረካቸው ታንኮች አዲስ አበባ ገባ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ሁለቱም ወገን ቲ-55 አሰለፈ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ደግሞ ከአንድ ሠራዊት መጋዘን የወጣ ብረት በሁለት ወገን ቆሞ ተታኮሰ።

“ድሃ አገር ነን፤ ያለንን ጠግነን ብንጠቀም ምን ነውር አለው?” የሚል አይጠፋም። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ከዩክሬን ወደ 200 የሚሆኑ ቲ-72 ታንኮች ለመግዛት ስንዋዋል፣ ዋጋው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተዘግቦ ነበር። ለታንክ ይህ ርካሽ ነው። ሻጯ ዩክሬንም ጦርነት ሲመጣባት ከፖላንድ ከ200 በላይ ቲ-72 ተቀብላለች፤ ሩሲያ ደግሞ ቲ-62ን እና ቲ-55ን ከመጋዘን ጎትታ አውጥታለች። አሮጌ ታንክን ኃያሉም አልናቀውም።

ታዲያ ርካሽ ያደረገው ምንድን ነው? ቲ-72 ውስጥ ሦስት ሰው ይገባል፤ አዛዡ፣ ተኳሹና ሾፌሩ። አዛዡና ተኳሹ የሚቀመጡት የመድፍ ጥይት ከተደረደረበት በላይ ነው። ብረቱ ተበስቶ ጥይቱ ከተቀጣጠለ፣ መድፉን የተሸከመው ክፍል ተነቅሎ ይበራል። ዛሬ ድሮን የሚመታው ደግሞ ከላይ፣ ብረቱ በሳሳበት በኩል ነው። ስንገዛ አተረፍን ያልነውን ገንዘብ የሚከፍሉት እነዚህ ሦስት ልጆች ናቸው። ከአርሲ ደጋ ለውትድርና የሚወጣ ልጅ የሚነዳውን ታንክ አይመርጥም፤ የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል።

አገር ያለ ጦር ትኑር እያልኩ አይደለም። ታንክ ያስፈልገናል። ግን ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ጥር 2015 ዓ.ም. አጉላዕ ላይ ከባድ መሣሪያ ማስረከብ ሲጀመር፣ “ከእጅ ወጣ” ብለን ነው የተደሰትነው። ብረት ግን ከአንዱ እጅ ወጥቶ ሌላው መጋዘን ስለገባ አይሞትም። የኛው ታሪክ እንደሚያሳየው፣ የቆመ ታንክ ቀጣዩን ጦርነት ይጠብቃል።

ስለዚህ ውስጡ ያሉትን ልጆች መጠበቅ የማይችለው ታንክ መጠገኑ ይቅርና ይቅለጥ። የቀረው ሲጠገን ደግሞ፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤት፣ ምስጢር ነው ከተባለም በዝግ ስብሰባ፣ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይሄ ታንክ ሲመታ ከውስጡ ስንት ሰው በሕይወት ይወጣል? መልስ ከሌለው፣ ርካሽ ነው አይበሉን።