ጸሎቱ ለየብቻ፣ ራቱ አንድ ላይ

የጋዛው ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ስለ አይሁድ ተማሪዎች በአማርኛ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ተቃውሞ ድንኳን፣ ስለ መፈክርና ስለ ፖሊስ ነው። እነዚያው ተማሪዎች ዓርብ ማታ ምን እንደሚያደርጉ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም። እኔ ዓርብን የማውቀው በማእድ ቤት በኩል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሸር በሚሉት የአይሁድ የምግብ ሥርዓት በሚመራ ማእድ ቤት እሠራለሁ። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ዓርብን ጾሜ የሰው ዶሮ እጠብሳለሁ።

ሥራው ለሐበሻ ሴት እንግዳ አይደለም። እናቴ የጾሙንና የፍስኩን ድስት ለይታ ነው ያሳደገችን። እዚህም የሥጋና የወተት ዕቃ አይገናኝም፤ ቢላውና ማጠቢያው ሳይቀር ለየብቻ ነው። ማሽጊያኽ የሚሉት ተቆጣጣሪ ከኛ ጋር ይውላል። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል ብርሃን ላይ ይዞ ትል እንዳይኖርበት ይመረምራል፤ ምድጃውንም የሚለኩሰው እሱ ነው። አብሳይዋ እኔ ነኝ፣ እሳቱ ግን የሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በስሎ ማለቅ አለበት፤ በታኅሣሥ እዚህ ከ11 ሰዓት በፊት ስለምትገባ የዓርቡ ጥድፊያ አይጣል ነው።

የተማሪዎቹም ኑሮ ቀላል አይደለም። የመኝታ ሕንጻው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ካርድ ነው፤ ሰንበትን አጥብቀው የሚጠብቁት ደግሞ በዚያ ቀን ካርዱን አይጠቀሙበትም። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪገባ ወይ እስኪወጣ ብርድ ላይ ይቆማሉ። አዲስ ዓመታቸው፣ ዮም ኪፑርና የዳስ በዓል ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ተከታትለው ስለሚመጡ ከፈተና ጋር ይጋጫሉ፤ የየመምህሩን ደጅ መጥናት ነው። አንዳንዶቹ ሲያዩኝ ቤተ እስራኤል እመስላቸዋለሁ። አንዷ ስግድ ስለሚባለው የቤተ እስራኤል በዓል ጠየቀችኝ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል መሆኑን እሷ ታውቃለች፤ ጎንደር ውስጥ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጡ እንደነበር ግን ከኔ ሰማች።

የሚያስቀናኝ ሲመሽ ያለው ነገር ነው። ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁድ አንድ ክፍል ገብተው ወንድና ሴት በመጋረጃ ተለይተው ይጸልያሉ፤ ጸሎቱ እንዲሟላ 10 ወንዶች ያስፈልጋሉ። ኮንሰርቫቲቮቹ በሌላ ክፍል ሴቶቹንም ቆጥረው ይጀምራሉ። ሪፎርም የሚባሉት ጊታር ይዘው ይዘምራሉ። አንዱ የሌላውን ጸሎት ትክክል አይለውም፤ ይህን ፊት ለፊት ሲነጋገሩበት ሰምቻለሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ አንድ አዳራሽ ይመጣሉ፤ ጨርሶ ያልጸለየውም ይመጣል። ወይኑ ይባረካል፣ እጅ ይታጠባል፣ ኻላ የሚሉት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዳቦ ይቆረሳል። ወንበር የሚደረድሩት፣ አዲስ መጤውን በር ላይ የሚቀበሉት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ራቢው አለ፤ እሱም ጠረጴዛ ይሸከማል።

የኛ ሰው ይህን ስነግረው «ገንዘብ ስላላቸው ነው» ይለኛል። ገንዘብ አላቸው፤ ሂሌል የሚባለው የተማሪዎች ድርጅታቸው በመቶ በሚቆጠሩ ግቢዎች ይገኛል። ግን አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1923 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም መሪው ቤንጃሚን ፍራንክል የሚባል ወጣት ራቢ ነበር። ይህ ነገር ይቋቋም ብሎ የወተወተው ደግሞ ክርስቲያን ነው፦ ኤድዋርድ ቻውንሲ ባልድዊን የሚባል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር፣ አይሁድ ተማሪዎቹ የራሳቸውን መጽሐፍ አለማወቃቸው ያንገበገበው ሰው። በ1922 የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎውል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር ይወሰን የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበርና ዘመኑ ምቹ አልነበረም። ኻባድ የሚባሉት አጥባቂ አይሁድ መንገድ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ባልና ሚስት ግቢው አጠገብ ቤት ይከራዩና በራቸውን ይከፍታሉ።

ቅዱሳን ናቸው ማለቴ አይደለም። ማእዱ ወሰን አለው። ሂሌል የእስራኤልን መኖር ከሚቃወሙ ወይም ማዕቀብ ይጣልባት ከሚሉ ጋር መድረክ አይጋራም። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 የስዋርትሞር ኮሌጅ ተማሪዎች ደንቡን አንቀበልም ብለው አመፁ። በ2024 የአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተቃውሞው ድንኳን መሐል ያልቦካ ቂጣ የቆረሱ አይሁድ ተማሪዎች ነበሩ፤ ድንኳኑን እያዩ የፈሩ አይሁድ ተማሪዎችም በዚያው ግቢ ነበሩ። ሦስት ዓይነት ጸሎት የቻለ አዳራሽ ስለ አንድ አገር ፖለቲካ ሦስት ዓይነት ሐሳብ መቻል ነበረበት ባይ ነኝ። መልሳቸውም ይገባኛል፤ ቤት ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ሥጋት አለበት።

አሁን ወደኛው ልምጣ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስንትና ስንት ቤተ ክርስቲያን ገዝተናል። ልጆቻችን ሰንበት ትምህርት ቤት ነጠላ ለብሰው ያድጋሉ፣ ኮሌጅ ሲገቡ ይቆማል። እናቶች ተሰብስበን «አሜሪካ በላቻቸው» እንላለን። ልጁ መኪና የለው፣ ቅዳሴው ከግቢው ሩቅ፣ በሁዳዴ መመገቢያው የሚያቀርብለት አይብና ሥጋ! የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ተማሪዎች ማኅበር በዓመት አንዴ የባህል ምሽት ያዘጋጃል፤ እስክስታው ደስ ይላል፣ ግን በዓመት አንዴ ነው።

ለአንድ ሰበካ ጉባኤ ሐሳብ አቀረብኩ፦ ረቡዕ ማታ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሽሮና ምስር፣ ስብከት ሳይኖረው፣ የፈለገ ጸልዮ የፈለገ ዝም ብሎ የሚበላበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ተማሪዎቹ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናቸው?» ነበር። ሁለተኛው ማን እንደሚባርከው። ስለ ወጪው እንኳ ገና አልደረስንም።

እዚህ ግቢ የተመዘገበ የተማሪዎች ማኅበር ክፍል በነጻ ያገኛል። ወጡን እኔ እሠራለሁ፤ ረቡዕ ሽፍት የለኝም። የሚያስፈልገኝ እንጀራ የሚችል ሰውና ክፍሉን በስማቸው የሚይዙ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ቢሆኑ ግድ የለኝም፤ ከየትኛውም ባይሆኑም እንዲሁ።