ልጅን ማረምና ልጅን ማሰር

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ በኦሎምፒያ በኩል በማለዳ የሚያልፍ ሰው፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ሕፃናት በወላጆቻቸው እጅ ተይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያያል። ወላጅ ከትምህርት ቤቱ በር ደርሶ የልጁን እጅ ሲለቅ ልጁን በአደራ ማስረከቡ ነው። የአደራም ነገር ከባድ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም።

በቀድሞው ዘመን ከየኔታ ቤት የኰበለለ ተማሪ በእግር ብረት ይታሰር እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን። እኛም በልጅነታችን እግሩ በብረት ተይዞ ዳዊቱን የሚደግም ባልንጀራ አይተናል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ታላላቅ ሊቃውንት መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሊቅ ያደረጋቸው የመምህራቸው ትዕግሥትና የራሳቸው ትጋት ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። ብረቱን ፈርቶ ጠፍቶ የቀረውን ልጅ ግን የቈጠረው የለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ተግሣጽ ብዙ ተናግሯል፤ ልጅን አስሮ በጨለማ ቤት ስለ መዝጋት ግን ያዘዘው ነገር የለም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፤ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በ576ኛው አንቀጽ፤ በኃላፊነቱ ሥር ያለውን ልጅ የሚያንገላታውን ሰው ይቀጣል፤ ዳሩ ግን ተገቢ በሆነ መንገድ ልጅን የማረምን መብት ከቅጣት ውጭ አድርጎታል። ችግሩም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ተገቢ የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው? ልኩ በጽሑፍ ተለይቶ ካልታወቀ የተቈጣው ሰው እጅ ራሱ ልክ ይሆናል።

ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ጭንቀቱን በአንደበቱ መናገር የማይችለውን ልጅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ባሏቸው ጊዜ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ የኦቲዝም ማእከልን አቋቋሙ፤ በ2013 ዓ.ም. እስከ ዐረፉም ድረስ እንዲህ ያሉ ልጆች በየቤቱ ታስረውና ተደብቀው እንዳይቀሩ ደከሙ። ከቤት እስራት የወጣ ልጅ በትምህርት ቤት ክፍል ተቈልፎበት የሚውል ከሆነ፤ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ መቅረቱ ነው።

በብዙ ተማሪዎች መካከል ብቻውን የሚቆመውን መምህር መውቀስ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ልጁ ራሱን ወይም ጓደኛውን ሊጎዳ ሲል እጁን መያዝ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርና የከተማው ትምህርት ቢሮ ቁርጥ ያለ ደንብ ቢያወጡ መልካም ነው እንላለን፤ ይኸውም፤ ልጅን በገመድም ሆነ በሌላ ነገር ማሰርና ለብቻው ቈልፎ መተው ፈጽሞ እንዲቀር፤ እጅን መያዝ አደጋ ሲመጣ ብቻና አደጋው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ እንዲሆን፤ የተደረገውም ነገር በዚያው ቀን በመዝገብ ተጽፎ ለወላጅ እንዲነገር፤ መምህራንም የተቈጣን ልጅ በቃል ማብረድን እንዲሠለጥኑበት ነው። ካህናትም በየአብነት ትምህርት ቤታቸው ይህንኑ ልክ ቢጠብቁ ለሌላው ምሳሌ ይሆናሉ።

ማለዳ በእጁ ተይዞ የመጣ ልጅ፤ ማታ በእጁ ላይ የገመድ ምልክት ይዞ ወደ እናቱ መመለስ አይገባውም።