ኤፒክና ውዳሴ አይምታቱብን

ስለ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ኤፒክ ሊጻፍ ይችላልን ብሎ የሚጠይቅ ጓደኛ ቢኖር፤ እኔ በበኩሌ «ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድመን ኤፒክ ምን እንደ ሆነ እንወቅ» እለዋለሁ።

ኤፒክ ማለት የአንድን ሕዝብ ታላቅ ጉዳይ በጀግና ሥራና ዕጣ አማካይነት የሚተርክ ረጅም ግጥም ነው። የግሪኮች ኢሊያድ ከ15 ሺሕ በላይ ስንኞች አሉት። የእኛ ፉከራና ቀረርቶ፤ የኦሮሞውም ጌረርሳ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ አጫጭሮች ናቸው፤ ፉካሪውም የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሱ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዐፄ ዐምደ ጽዮን የተገጠሙት የአማርኛ ግጥሞችም ውዳሴዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ «እኛ ኤፒክ የለንም» ብሎ ማዘን ችኮላ ነው። ፊንላንዳዊው ኤልያስ ሎንሮት ከመንደር መንደር እየዞረ የሰበሰባቸውን የቃል ግጥሞች አያይዞ፤ የራሱንም ጨምሮ፤ ካሌቫላን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1835 አወጣ፤ በ1849ም አስፋፋው። የዚያ ግጥም ዋና ጀግና ደግሞ ከሰይፉ ይልቅ በዘፈኑ የሚያሸንፍ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ ጦርነት ከሌለ ኤፒክ የለም የሚለው ክርክር አያስኬድም።

ርዝመትም ብቻውን አይበቃም። ኢሊያድ የሚያልቀው በድል እልልታ ሳይሆን በተሸነፈው በሄክቶር ቀብር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስንም ሕዝቡ በግጥም ሲያነሣ የኖረው ስለ ድላቸው ብቻ አይደለም፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ስለ ሆነው ፍጻሜያቸውም ነው። ኤፒክ የተከፈለውን ዋጋ ይናገራል፤ ውዳሴ ግን ይሸፍነዋል።

ድሬዳዋ የተቈረቈረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ፓርኩም ያለበት ሥፍራ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆነ። ይህ ሁሉ ለኤፒክ የሚበቃ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሼዱንና ማሽኑን ብቻ የሚቈጥር ግጥም የምረቃ ቀን ውዳሴ ከመሆን አያልፍም። ከገጠር መጥታ ማሽን ፊት የምትቆመዋ ሠራተኛ ምን አገኘች? ምንስ ከፈለች? ፋብሪካ ሳይቆምበት በፊት በዚያ መሬት ላይ የሚኖረው ማን ነበር? ገጣሚው ይህን ካልጠየቀ ዝም ቢል ይሻላል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለመግጠም ከመቸኰላችን በፊት በአማርኛም፤ በኦሮምኛም፤ በሱማሊኛም ሠራተኛው የሚያንጐራጕረውንና የሚተርከውን ደብተር ይዘን እንሰብስብ። ገጣሚው ምናልባት ከእኛ በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን ባዶ እጁን እንዳይቀር አደራው የእኛ ነው።