ሞፈሩን ራሱ የሚቆርጥ ገበሬ

የማሻ ገበሬ ዋና ሥራው ማረስ እንጂ እንጨት መጥረብ አይደለም። ነገር ግን ሞፈሩንና ቀንበሩን ብዙውን ጊዜ ራሱ ጠርቦ ያበጃል። ስለ ምን ቢባል፥ የበሬዎቹን ቁመትና የመሬቱን ጠባይ እንደ እርሱ የሚያውቅ የለምና ነው።

ይህን ያነሣሁት በክፍላችን፥ «ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ሃርድዌር መሥራት ለምን ያስፈልገዋል?» የሚል ክርክር ስለ ተነሣ ነው። ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩ የሚፈጽመው የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ሃርድዌር ደግሞ በእጅ የሚዳሰሰው መሣሪያ ነው። ጓደኞቼ፥ «ትእዛዙን ጽፎ መሸጥ ሲቻል ከብረት ጋር መታገል ሞኝነት ነው» አሉ። እኔ ግን አልስማማም።

ማይክሮሶፍት በ1975 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ሥራው ሶፍትዌር ነበር። ዎርድ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ባወጣበት በ1983 ግን ማውስም ሠርቶ ሸጠ። በዚያን ዘመን ማውስ ያለው ኮምፒዩተር ጥቂት ስለ ነበረ፥ ፕሮግራሙ ያለ እርሱ ሙሉ ጥቅሙን መስጠት አይችልም ነበር። በ2012ም ሰርፌስ የተባለውን ኮምፒዩተር አወጣ። ሶፍትዌሩ ምንም ቢያምር፥ የተጫነበት መሣሪያ ደካማ ከሆነ ነቀፌታው ለሶፍትዌሩ ሠሪም ይተርፋል።

ይህ ችግር ለእኛም እንግዳ አይደለም። የጽሕፈት መኪና የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር፤ የእኛ ፊደል ግን 33 ጊዜ ሰባት፥ 231 ነው። ስለዚህ እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች ፊደላችንን ከመኪናው ጋር ለማስማማት ብዙ ደከሙ። ሆኖም ቁልፉ አልበቃምና የፊደሉ አካልና ቅጥያው ተለያይቶ ይመታ ስለ ነበር፥ መልኩ ተበላሸ። በሰው መሣሪያ የሚሠራ ሰው ራሱን ለመሣሪያው ይቈርጣል።

እርግጥ አደጋም አለው። ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ከተጻፈ ማባዛቱ ቀላል ነው፤ ሃርድዌር ግን ካልተሸጠ በመጋዘን ይከማቻል። ማይክሮሶፍት በ2013 በሰርፌስ አርቲ ምክንያት 900 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ መዝግቧል። ስለዚህ ብልህ ድርጅት ሁሉን ልሥራ አይልም። ጉግልም በ2016 ፒክስል የተባለውን ስልክ ሲያወጣ የሠራለት ኤችቲሲ ነበር። የእኛም ገበሬ ሞፈሩን ይቆርጣል እንጂ ማረሻውን አይቀጠቅጥም፤ ያንን ለባለሙያው ይተዋል።

ታዲያ እኛ ባለሙያውን እናከብረዋለንን? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አወጡ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ነገር ግን «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ዛሬም ከስድብ አልወጣም። ብዙዎቻችን ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠን ለመጻፍ እንመኛለን፤ ብረት ለመያዝ ግን እናፍራለን። ትልልቆቹ ድርጅቶች ከጽሕፈታቸው ወደ ብረቱ ሲወርዱ፥ እኛ ብረቱን ንቀን ወዴት እንደርሳለን?

እናንተም ወላጆች፥ ልጃችሁ የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ሲመለከት ብታገኙት፥ እባካችሁ አትቈጡት። ነገ የራሳችንን መሣሪያ የሚሠራልን እርሱ ሊሆን ይችላልና።