«እዚያው ነው ያደግኩት፣ ወባ ምን ታደርገኛለች?»

ለበዓልና ለሠርግ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚሉት ነው። እኔ ግን በፍጹም አልስማማም።

በልጅነት ወባ ደጋግሞ ይዞን ያገኘነው ከፊል የመከላከል አቅም፣ ወባ በሌለበት አገር ስንኖር እየቀነሰ ይሄዳል። እዚያ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። ለነፍሰ ጡርማ አደጋው ይብሳል።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባ አያሰጋም። ግን ማን አዲስ አበባ ብቻ ቆይቶ ይመለሳል? ባሕር ዳር አለ፣ አርባ ምንጭ አለ፣ ጋምቤላ አለ።

ስለዚህ ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። መከላከያ ክኒኑ ከመነሳታችሁ በፊት ይጀመራል፤ ከተመለሳችሁም በኋላ እንደ ዓይነቱ ለ7 ቀን ወይም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። «ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ የለም! ማታ ደግሞ አጎበር፣ ረጅም እጅጌ ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት።

ከተመለሳችሁ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ «የጉዞ ድካም ነው» አትበሉ። በዚያው ቀን ሂዱና «ኢትዮጵያ ሄጄ ነበር፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ። እዚያ ያለው ሐኪም ወባ ብዙ ስለማያይ፣ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል።

እኛም እንግዳ ስንቀበል ዶሮ ወጡን ብቻ ሳይሆን አጎበሩንም እናዘጋጅ።

ለሚመጡ ዘመዶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጉዞ!