ካሜራውን ማን ይተካዋል?

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ በግሉ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ገቢው እንደ ገበሬው ወቅት ይጠብቃል። ጥር ሲገባ ጥምቀት፣ የሰርግ ሰሞንና ጥር 25 ቀን የሚከበረው የመርቆሬዎስ የፈረስ ጉግስ ተከታትለው ይመጣሉ። ዓቢይ ጾም ሲያዝ ሰርግ ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ገበያው እንደገና ይነሣል፤ የምረቃ ሰሞን ያግዘዋል፤ ከዚያም የጉና ጭጋግ ወርዶ ክረምቱ ይገባል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲጨፈር ጥቂት ሥራ ይገኝ እንደሆነ እንጂ እስከ መስቀል ድረስ ካሜራው ከቦርሳው የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው።

ብዙዎች የዚህ ሙያ ችግር የገቢው ወቅታዊነት ነው ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ወቅታዊነት ብቻውን ማንንም ከገበያ አያስወጣም። የፎገራ ሩዝ አምራችም፣ የጉና ሥር ድንችና ገብስ አምራችም ገቢው ወቅታዊ ነው። ልዩነቱ ገበሬው ምንም ቢቸግረው ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጡ ላይ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ዘሩን ከምርቱ ሳይለይ ይበላል። ካሜራ ለእርሱ ዘሩም በሬውም ነውና ባለቀ ጊዜ ሙያው አብሮ ያልቃል።

የአንድ ሰርግ ሂሳብ

ነገሩን በቁጥር እንየው። የሚከተሉት አኃዞች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር ተክቶ ቢያሰላ የሂሳቡ መንገድ አይለወጥም።

አንድ ወጣት ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ፣ ፍላሽና ላፕቶፕ ለማሟላት 320,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ዕቃው አራት ዓመት ቢያገለግለው በዓመት 80,000 ብር ያህሉ ያልቃል ማለት ነው። በዓመት 25 ሰርግ ቢያገኝ እያንዳንዱ ሰርግ ከዕቃው ላይ 3,200 ብር ይበላል። ለአንድ ሰርግ የሚጠይቀው 14,000 ብር ነው። ለአልበም ማሳተሚያ 5,000፣ ለረዳቱ 2,000፣ ለትራንስፖርትና ለምግብ 1,200፣ ለልዩ ልዩ ወጪ 300፣ በድምሩ 8,500 ብር ያወጣል። ቀሪው 5,500 ብር ነው። ወጣቱም «ይህን ያህል አተረፍኩ» ብሎ ይደሰታል።

አላተረፈም። ከዚህ ላይ የዕቃው እርጅና 3,200 ብር ሲቀነስ የሚቀረው 2,300 ብር ነው። ሰርጉን ማንሣት፣ ምስሎቹን መምረጥና ማስተካከል፣ አልበሙን ማሳተምና ማስረከብ በትንሹ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። የቀን ገቢው 460 ብር ይሆናል ማለት ነው፤ እሱም ግብር ሳይከፈልበት።

በዚህ መካከል የሙሽራው አባት «ልጄ፣ አንተ እኮ የሰፈራችን ልጅ ነህ፤ ሁለት ሺሕ ቀንስልን» ይላሉ። ልመናው በአገራችን ወግ ነውር የለበትም፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ነገር ግን ሁለት ሺሕ ብሩ ሲቀነስ ለአምስት ቀን ድካም የሚቀረው 300 ብር፣ በቀን 60 ብር ብቻ ነው። ሂሳቡን የማያውቅ ሰው ዋጋ የቀነሰው ከትርፉ ይመስለዋል፤ የቀነሰው ግን ከካሜራው ላይ ነው።

ሁለተኛው የሂሳብ ጉድለት ደግሞ የባሰ ነው። ጠንቃቃ የሚባለው ባለሙያ እንኳ ለመተኪያ የሚያስቀምጠው ዕቃውን በገዛበት ዋጋ አስልቶ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ አገር ውስጥ አይሠራም። ከዚያ ቀን በፊት በ160,000 ብር የገዛውን ዕቃ ለመተካት በየዓመቱ 40,000 ብር ያስቀመጠ ሰው አራት ዓመት ሲሞላው በእጁ ያለው ገንዘብ የካሜራውን ግማሽ የሚገዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእርጅና ሂሳብ መታሰብ ያለበት ነገ በሚገዛበት ዋጋ ነው፤ ትናንት በተገዛበት አይደለም።

ነጋቲቩ የት ሄደ?

ሙያው ቀድሞም እንዲህ ነበር ማለት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመሩት እንደ ቦያጅያን ካሉት አርመናውያን አንሥቶ እስከ ቅርብ ዘመን የከተማ ፎቶ ቤቶች ድረስ የገበያው ምሰሶ ነጋቲቭ ነበር። ደንበኛው የሚወስደው የታጠበውን ፎቶ ነው፤ ነጋቲቩ ከፎቶ ቤቱ አይወጣም። አክስት አንድ ቅጂ ስትፈልግ፣ ወንድም ውጭ አገር ሲሄድ፣ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ትልቅ ፎቶ ሲያስፈልግ ሁሉም ተመልሶ ወደዚያው ፎቶ ቤት ይመጣል። አንዴ የተነሣ ምስል ለዓመታት ገቢ ያስገኝ ነበር።

ዛሬ ባለሙያው በሰርጉ ማግስት ሁሉንም ምስል በፍላሽ ገልብጦ ወይም በቴሌግራም ልኮ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው አይመለስም፤ የሚመለስበትም ምክንያት የለውም። በሌላ በኩል የፎቶ ቤቱ የዕለት እንጀራ የነበረው ጉርድ ፎቶግራፍ እየሳሳ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ የሚመዘገብ ሰው ፎቶውን የሚነሣው እዚያው መመዝገቢያው ላይ ነው። ቀሪውን ደግሞ የእጅ ስልክ ወስዶታል።

እንግዲህ በነጋቲቭ ዘመን ባለሙያው ሁለት ነገር ይሸጥ ነበር፤ ጉልበቱንና ምስሉን። አሁን የሚሸጠው ጉልበቱን ብቻ ነው፤ ምስሉን ምራቂ አድርጎ ይሰጣል።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ባለሙያዎች «ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ ፎቶው የኔ ነው» ብለው ያምናሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን የጥበቃው ተጠቃሚ አድርጎ፣ የኢኮኖሚ መብቱም ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት እንዲጠበቅ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ይኸው አዋጅ በቅጥር ወይም በአሠሪ ትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ለባለሙያው የሚቀርለት የሞራል መብቱ፣ ማለትም የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብቱ ነው።

የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። አንድ ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት በቃል አዝዞ የጣራ ገዳምን የጽድና የወይራ ደን፣ ወይም አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ያስነሣል እንበል። ምስሉ በካላንደር፣ በብሮሹርና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ቢውል ባለሙያው ተጨማሪ ሳንቲም የሚጠይቅበት ጉልበት የለውም፤ ውል አልጻፈምና። «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» የምትለው ሐረግ ሙሉ ሀብቱን ይዛለች። ያችን ሐረግ ወደ ራስ ጥቅም ለመለወጥ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የረከሰ ካፒታል የለም።

ሕጉ ግን በሌላ ወገንም ይቆርጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ እንደ ሕዝባዊ በዓልና የሥልጣን ሰዎች ያሉትን ልዩ ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ስለዚህ የሙሽራዋን ፎቶ ለሱቅ ማስታወቂያ የሚሰቅል ባለሙያ አስቀድሞ ፈቃዷን መጠየቅ አለበት። የሰርግ ፎቶ በመሠረቱ የቤተሰብ ነው። ለሰርግ የሚጻፈው ውልም ባለሙያው ፋይሉን እንዲያስቀምጥ፣ ተጨማሪ ኅትመት በእርሱ በኩል እንዲሆንና ጥቂት ምስሎችን በፈቃድ ለናሙና እንዲያሳይ ቢል ይበቃል። ለድርጅት የሚጻፈው ግን ምስሉ ለምን፣ የትና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል መወሰን አለበት።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እነ ሮበርት ካፓና ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1947 ማግነም የተባለውን የፎቶግራፈሮች ኅብረት ሲመሠርቱ ዋነኛ ዓላማቸው የምስሉ መብት በመጽሔቶቹ እጅ መሆኑ ቀርቶ በአንሺው እጅ እንዲቆይ ማድረግ ነበር። እነዚያ ሰዎች የጎደላቸው ጥበብ ወይም ዝና አልነበረም፤ አንድ ጊዜ የሸጡት ምስል ሌላ ጊዜም እንዲያበላቸው ነበር የፈለጉት።

«ኢንተርኔት ላይ ሽጡት» የሚል ምክርም ይሰማል። ምክሩ ክፉ ባይሆንም የምስሉን ገበያ በሙሉ አይተካም። ከትልልቆቹ የምስል ሻጮች አንዱ የሆነው ሹተርስቶክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የክፍያ ሥርዓት የባለሙያው ድርሻ ከ15 በመቶ ተነሥቶ በሽያጭ ብዛት እስከ 40 በመቶ እንዲደርስ፣ በየዓመቱ ጥር መባቻ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደገና ከታች እንዲጀምር አድርጓል። በዚያ ላይ በክልላችን በነሐሴ 2015 ዓ.ም ግጭቱ ሲሰፋ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቶ ነበር። ገቢውን በሙሉ በእርሱ ላይ ለጣለ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ዋጋው ተከፋፍሎ ይቅረብ። የሥራ ቀኑ፣ የአልበሙና የምስሉ አጠቃቀም ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ደንበኛው «ቀንስልኝ» ሲል የሚቀነሰው ነገር ይታያል፤ የአልበሙ ገጽ ይቀነሳል እንጂ ካሜራው አይቀነስም። ውል ደንበኛን ያሸሻል የሚል ስጋት አለ። ነገር ግን ቀብድ የከፈለ ደንበኛም ቢሆን መቼ ምን እንደሚረከብ የሚያውቀው በውል ነው። መንገድ ተዘግቶ ወይም ሰርጉ ተላልፎ ሥራው ቢቀር የቀብዱ ነገር ምን ይሆናል የሚለው ጠብ ሳይነሣ በፊት ማለቅ አለበት፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የካሜራ እቁብ ይቋቋም። ብቻውን የሚያጠራቅም ሰው ብሩ እየረከሰ አራት ዓመት ይጠብቃል። በእቁብ ከመጨረሻው ዕጣ በስተቀር ሁሉም ብቻቸውን ቢያጠራቅሙ ከሚደርሱበት ጊዜ ቀድመው ዕቃውን ይገዛሉ። መዋጮው በሰርግ ሰሞን ከፍ፣ በጾምና በክረምት ዝቅ እንዲል ከገበያው ጋር ማስማማት ይቻላል። አባላቱ በየዓመቱ የመዋጮውን ልክ ከዕቃው የወቅቱ ዋጋ ጋር ቢያገናዝቡት ደግሞ ዕጣው ሁልጊዜ ካሜራ የሚገዛ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአንድ እቁብ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች እግረ መንገዳቸውን አንድ ዓይነት የውል ቅጽ መጠቀምና ከእርጅና ሂሳብ በታች ላለመሥራት መስማማት አያቅታቸውም።

ሦስተኛው ጉዳይ የአሠሪዎቹ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስቦ ዝቅተኛውን የሚመርጥ መሥሪያ ቤት የሚገዛው የምስል ጥራት ሳይሆን የባለሙያውን የካሜራ ዕድሜ ነው። ዛሬ በርካሽ ያስነሣው ድርጅት ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ባለሙያ በዚያ ሥራ ላይ አያገኘውም። ከዚያም ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚመጣ ሰው ከነአበሉ ይከፍላል። በብሮሹሩ ላይ የአንሺውን ስም ማስፈር ደግሞ ምንም ወጪ የሌለበት፣ ሕጉም የሚያዘው ነገር ነው።

ደቡብ ጎንደር የሚነሣ ነገር አጥቶ አያውቅም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና፣ የጣራ ገዳም ደን፣ የፎገራ ሜዳ፣ የአውራምባ ማኅበረሰብ፣ የመርቆሬዎስ ፈረሰኞች ሁሉም እዚሁ ናቸው። ጉድለቱ ያለው ምስሉ ከተነሣ በኋላ በሚሠራው ሂሳብ ላይ ነው። በመጪው ጥር ካሜራውን አንግቦ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ወረቀት ላይ ዕቃው ዛሬ ስንት እንደሚገዛ ይጻፍ፤ በሚጠብቃቸው ሥራዎች ብዛትና በቀሩት ዓመታት ያካፍለው። የሚያገኘው ቁጥር የዘሩ መጠን ነው። ከዚያ በታች ለሚጠይቀው ደንበኛ፣ የሰፈር ሰውም ቢሆን፣ በአክብሮት «አይሆንልኝም» ማለት ይችላል።